ባሬ የሚያፈሰው ውሃ

ሰኞ፣ ጥር 16 ቀን 2014፣ ጅጅጋ

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ባለቤቴ ሀይማኖት ናት። «ለብቻህ ከምታወራ እዚህ ላይ አውራ» አለችኝ። ለብቻዬ እንደማወራ አላውቅም ነበር።

እንግዲህ ከሥራ ልጀምር። አለቃዬ ረዲ ዛሬ ሱቅ ለመጡ ደንበኞች ትከሻዬን ይዞ «የኤረሩን ጉድጓድ የተከለው ይሁን ነው! አራት ወር ሙሉ አንድ ቀን አልቆመም» አላቸው። እውነቱን ነው። ከኤረር ከተማ ወጣ ብላ ባለችው መንደር መስከረም ላይ የተከልነው ፓምፕ ዘጠና ሜትር ጥልቀት ላይ ተቀምጦ ውሃ ይገፋል። በዚህ ድርቅ ሰውም ከብትም ያለው በእሱ ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ደስ እንዳይለኝ ያደረገኝ ኧርዙ ነው። ልጻፈውና ይውጣልኝ። ኤሌክትሪክ ከኬብል ካመለጠ መሄጃ ይፈልጋል። ወደ መሬት የሚያስገባው ሽቦ ካገኘ በዚያ ይሄዳል፤ ካላገኘ ቧንቧውን የነካውን ይይዛል። ሽቦው ከፓምፑ ጋር እስከ ውሃው መውረድ ነበረበት። እኛ ግን አራት መስመር ያለው ኬብል ስላጣን በሦስት መስመር ተከልንና ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ አንድ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበርን። መሬቱ ደረቅ ጠጠር ነው፤ ደረቅ መሬት ደግሞ ኤሌክትሪክ አይውጥም። ስለካው መቶ ስልሳ ኦም አለ። የሚፈለገው ከአሥር በታች ነው። የርክክብ ኮሚቴው መኪና አቧራ ከሩቅ ይታያል። ሁለት ጀሪካን ውሃ በጨው በጥብጠን ዘንጉ ሥር ደፋን። ዘጠኝ አለ። ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያደርገዋል። ደግሞ ዝም ብዬ አልመጣሁም። ለጉድጓዱ ጥበቃ ለባሬ «በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ እዚህ ላይ አፍስስ» ብዬዋለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 27

ባሬ ጋ ደወልኩ።

«ውሃውን ታፈሳለህ?»

«አፈሳለሁ።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ጠዋት፣ ከሶላት በኋላ።»

ለምን ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም አልነገርኩትም። አማርኛውን የተማረው በድሮው ባቡር ነው፤ ኤረር ጣቢያ ላይ የምልክት ፋኖስ አብሪ ነበር። ባቡሩ መምጣት ከተወ በኋላ እንኳን ስምንት ወር ያህል ፋኖሱን ያበራ እንደነበር ስንተክል አጫውቶኛል። «አለቃ አጥፋ አላለኝም» ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን።

መጋዘኑ ጥግ አንድ ጥቅል የመዳብ ሽቦ አለ፤ ከሌላ ሥራ የተረፈ፣ መቶ ሜትር ይሆናል። ጫፉ ላይ ክብደት ታስሮ በጉድጓዱ እስከ ውሃው ቢወርድ ነገሩ ያልቃል። የአንድ ቀን ሥራ ነው። ግን ርክክብ ያለቀለት ጉድጓድ ምን ጎድሎት ነው የምሄደው? ረዲን ምን ልበለው? በዚያ በኩል ሌላ ሥራ ሲገኝ መንገዴን አደርገዋለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 2

ቀኑን ሙሉ ጄኔሬተር ፈትቼ ስገጥም ዋልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ። ሀይማኖት፦ «ገበሬ ሆንክ እንዴ? ቀና እያልክ አንገትህ ሊቀር ነው።» ድርቁ የሁሉም ነው አልኳት።

ሰኞ፣ የካቲት 14

ዛሬ ባሬ ራሱ ደወለ። እሱ ደውሎ አያውቅም።

«ወላል፣ ወንድሜ፣ ውሃው ይነክሳል።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ሴቶቹ ቦኖውን ሲከፍቱ ጣታቸውን ይነክሳል። ግመሎቹ ገንዳው ጋ ይመጣሉ፣ ያሸቱታል፣ ይመለሳሉ። ጃማ የውሃው ጨው ተለውጧል ይላል።»

ጃማ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው፤ ግመል ነጋዴ፣ ኮስታራ ሰው። ጨው መሰለው። እኔ ግን ገባኝ። የሆነ ቦታ ኬብሉ ተልጧል፣ ዘንጉ ደግሞ የሚመጣውን መዋጥ አቅቶታል።

«የጄኔሬተሩ ንዝረት ነው፣ አይዞህ። ውሃውን ሁለት ጀሪካን አድርገው» አልኩት።

«እሺ» አለኝ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 15

ደወልኩ። ንክሻው ቆሟል። ግመሎቹ ጠጥተዋል። ይኸው! ቀላል ነገር ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 26

ጅጅጋም ውሃ ከጠፋ ዘጠኝ ቀኑ። ቦቴው መጥቶ ሰፈሩ ሁሉ ባልዲ ይዞ ሲጋፋ ዋለ። እጄን ስታጠብ ሀይማኖት ከኋላዬ መጥታ ጆጉን ቀማችኝ። «ጣት ለመታጠብ ግማሽ ጆግ! በዚህ ጊዜ ውሃ መሬት ላይ የሚደፋ ሰው ጤነኛ ነው?» አለች። ይህ ንግግሯ ምሳ ሰዓት ላይ ትዝ አለኝ፣ ማታም።

ጥቅሉ አሁንም ጥግ ላይ አለ። አቧራውን ጠረግሁለት። ለምን እንደጠረግሁ እንጃ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 8

ባሬ ድምፁ ደክሟል። ከሩቅ አገር ሳይቀር ከብቱን እየነዳ ሰው መጥቶ መንደሩ እጥፍ ሆኗል። ኮሚቴው ለአንድ ቤት በቀን ሦስት ጀሪካን ብቻ ብሎ ወስኗል። የባሬ ፍየሎች አልቀዋል፤ አንዷ ብቻ ቀርታለች። የባሬ ቤት ስድስት ነፍስ ነው።

«አዝናለሁ ባሬ። ውሃውንስ?» አልኩት።

«ሁለት። እንዳልከው።»

ከኋላው ሚስቱ ሀሊሞ በሶማሌኛ ትቆጣለች። «ቢዮ» ትላለች፣ ውሃ። «ሀል» ትላለች፣ አንድ። ሌላውን አልያዝኩትም። ከዚያ ካፊያ፣ ልጃቸው፣ ስልኩን ተቀበለች። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ አማርኛዋ ከአባቷ ይሻላል።

«ጋሼ ይሁን፣ ጅጅጋ ዝናብ አለ?»

«የለም ካፊያ። ይመጣል ግን።»

ባሬ የሚያፈሰውን ከታንከሩ ነው የሚቀዳው መቼም። ጥበቃ ነው፣ ቁልፉ እሱ ጋ ነው። አልጠየቅሁትም እንጂ ከታንከሩ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 14

ምሳ ሳልበላ ቀረሁ። ሱቅ ውስጥ ከረዲ ጋር ቆሜ ሳለሁ ጃማ ደወለ።

«አቶ ይሁን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ቆሞ ይሰማሃል። ከዚህ እስከ ኤረር አንድ አረንጓዴ ነገር የለም። ጄኔሬተር ቤት ጀርባ ግን ሳር በቅሏል! ጠዋት ጠብቀን ያዝነው፤ ባሬ ነው፣ ጀሪካን ሙሉ ውሃ መሬት ላይ ሲደፋ። በዚህ ጊዜ! ለምን ስንለው ይሁን አዞኝ ነው ይላል። ለምን አዘዘህ ስንለው አላውቅም ይላል። አዘኸዋል?»

ረዲ ፊት ለፊቴ ቆሟል። አየኝ። ጭንቅላቱን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነቀነቀ፤ አይሆንም ማለቱ ነው።

«እንዲህ ያለ ሥራ የለም» አልኩ።

ከወዲያ ጫጫታ ሆነ። ከጫጫታው መሀል ባሬ «እሺ» ሲል ሰማሁት። ለማን እንዳለ አላወቅሁም።

ሐሙስ፣ መጋቢት 15

ውሸት አልተናገርኩም። በሥራ ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ማንም ከፍቶ ማየት ይችላል።

ባሬን ከጥበቃ አነሱት። ሌላ ሰው ቀጠሩ። ሀሊሞም ለአንድ ወር በሰልፉ መጨረሻ እንድትቆም ተፈረደባት፤ ሰው ሁሉ ቀድቶ ካበቃ በኋላ። ይህን የነገረኝ በኤረር መንገድ ዕቃ የሚያመላልስልን የድሬዳዋ ሾፌር ነው፣ እንደ ቀልድ። «አንድ የኤረር ሰውዬ ሳር ሲያጠጣ ተያዘ» ብሎ።

አልሳቅሁም። እሱ ግን ሳቀ።

ሰኞ፣ መጋቢት 19

ዘንጉ ውሃ ካገኘ አምስት ቀን ሆነው። በዚያ ሙቀት በሦስት ቀን ይደርቃል። ባሬ ጋ አራት ጊዜ ደወልኩ፣ አያነሳም። አዲሱን ጥበቃ አላውቀውም፤ ባውቀውስ ምን እለዋለሁ? ሳር አጠጣ ልበለው?

ረዲን ጠጋ ብዬ «የኤረሩ ኧርዝ ያሳስበኛል» አልኩት። ሻይውን እያማሰለ «ወንድሜ፣ ፊርማው የማን ነው?» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ እንደሚመክር ሰው ነው። «ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ይስተካከላል። ተወው።» እሱም ሰማይ ያያል ማለት ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 22

ስምንት ቀን። ምንም ክፉ ወሬ የለም። ምናልባት መሬቱ ከገመትኩት በላይ እርጥበት ይዟል። ምናልባት ልኬቴ ራሱ ተሳስቶ ነበር። ሊሆን ይችላል። መሣሪያው ያረጀ ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 24

ዘነበ! ከሰዓት በኋላ ከካራማራ በኩል ጠቁሮ መጥቶ ጅጅጋን አጠባት። ባጃጆቹ ሳይቀሩ ቆመው ሰው ሁሉ ውጭ ወጣ። የረመዳን የመጀመሪያው ቀን ነው፣ ጎረቤቶቻችን ለአፍጥር ያዘጋጁትን ትተው በዝናቡ ሳቁ። እኔ ወደ ሾፌሩ ደወልኩ። ኤረር? «ኧረ የምን ዝናብ! አቧራ ነው» አለኝ።

ስዘጋው ሀይማኖት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«ሰው ዝናብ ሲመጣ ይስቃል፣ አንተ ልታለቅስ ነው። ኤረር ላይ ምን አድርገሃል ይሁን?»

ነገርኳት። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። አልጮኸችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «የዚያ የሰውዬው ቤተሰብ ስንት ጀሪካን ነው በቀን የሚደርሰው ያልከኝ?»

ሦስት፣ አልኳት።

«ስንት አፍስስ አልከው?»

መልሱን እሷም እኔም እናውቀዋለን። ከታንከሩ ሊሆን ይችላል ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። ቁልፍ ይዞ ከሰው ውሃ የሚሰርቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ባቡር በሌለበት ፋኖስ አያበራም ነበር። አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ እሄዳለሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 26

የተበላሸ ፓምፕ መጣ፣ ለሆስፒታል ነው፣ አስቸኳይ። ነገ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 27

አልጨረስነውም። ነገ በእርግጠኝነት።

ረቡዕ፣ መጋቢት 28

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካፊያ ደወለች። በአባቷ ስልክ።

«ጋሼ ይሁን፣ ትናንት የጃማ ግመል ሞተች። ገንዳው ጋ። አፏን ስታስገባ ወደቀች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ሞተች። የምትታለብ ናት። ሰው ሁሉ ፈርቷል፣ ግን ጠምቶታል፣ ይቀዳል። አባቴ ለይሁን ንገሪው አለኝ።»

«ሰውስ? ሰው ተነካ?»

«ሰው ደህና ነው።»

ስልኩን ዘግቼ መጋዘን ገባሁ። ጥቅሉን ተሸክሜ ስወጣ ረዲ በሩ ላይ ነበር።

«ወዴት?»

«ኤረር።»

«ርክክብ ያለቀለት ነው እኮ።»

«አላለቀም» አልኩት።

መንገድ አልሰጠኝም፣ ግን አልከለከለኝምም። በጎኑ አለፍኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 29፣ መንገድ ላይ

ትናንት ሐረር አደርኩ። ካራማራ ኬላ ላይ ፈታሾቹ ጥቅሉን አይተው አስወረዱኝ። መዳብ ሌባ መሰልኳቸው። የማን ነው፣ ወዴት ነው፣ ደረሰኝ የታል። አንድ ሰዓት ሙሉ። ለረዲ ደወሉለት። የኔ ነው አለ፣ ልቀቁት አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም።

ድሬዳዋ ደርሻለሁ። የኤረር መኪና እስኪሞላ እየጠበቅሁ ነው። ቶሎ በሉ።

ዓርብ፣ መጋቢት 30፣ ኤረር አቅራቢያ

ረጅም ቀን ነበር። ሁሉንም እንደሆነው ልጻፍ።

ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ጄኔሬተሩን ማጥፋት ነው። ከመቶ በላይ ሰው ቢጫ ጀሪካኑን ደርድሮ ቆሟል፣ ሴቶቹ ጮኹብኝ። አዲሱ ጥበቃ «ማን ፈቀደልህ?» አለኝ። ማንም አልኩት።

ዘንጉን ሳልነካው፣ ጠብታ ሳላፈስ ለካሁ። ከተቀበረ ጀምሮ በእውነት ስለካው ሁለተኛዬ ነው። መቶ ስልሳ ጠብቄ ነበር። አርባ ስድስት አለ። መሣሪያውን ነቅዬ እንደገና ሰካሁ። አርባ ስድስት። ተንበርክኬ አፈሩን በእጄ ነካሁት፣ ርጥብ ነው። ሳሩ ሥር ሥሩ ገና አረንጓዴ ነው። ከተያዘ አሥራ ስድስት ቀን ሆኖት! ጥበቃውን «አንተ ነህ የምታፈሰው?» አልኩት። በአላህ ማለ።

ሥራውን ቀጠልኩ። የጉድጓዱ የብረት ክዳን ኬብሉን ሲፍቀው ኖሮ ልጦታል። አሸግኩት፣ ከለላ አደረግሁለት። ከዚያ የመዳቡን ሽቦ ክብደት አስሬ አወረድኩት፤ ውሃው ውስጥ ሲገባ እጄ ላይ ታወቀኝ። ገጥሜ ለካሁ። ሦስት ኦም። ያለ ጨው፣ ያለ ጀሪካን። ጄኔሬተሩን አስነሳሁና ማንም ሳይጠጋ መጀመሪያ እኔ በባዶ እግሬ ጭቃው ላይ ቆሜ ቦኖውን ጨበጥኩት። ቀዝቃዛ ብረት ነው። ሌላ ምንም የለውም።

ለመሄድ እችል ነበር። ማንም ምንም አያውቅም፤ ጎበዝ መጥቶ ጠገነ ይሉኝ ነበር። ይህንንም አስቤዋለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን ባሬ ከሰልፉ ጫፍ ከሀሊሞ አጠገብ ቆሞ አየሁት። ከስቷል። እጁን አነሳልኝ፣ እንደ ወዳጅ ሰላምታ።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ በታንከሩ ጥላ ተቀመጡ። ጃማ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ቆሜ ተናገርኩ። ጨዉን፣ ዘጠኙን፣ ፊርማውን ነገርኳቸው። ባሬን ያዘዝኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ አንድ፣ ኋላ ሁለት፤ ጃማ፣ አንተ ስትደውልልኝ ክጃለሁ አልኩ። ውሃውን ለምን እንዳፈሰ ባሬ አያውቅም፤ ያ ውሃ ግን ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ሲያሳልፍላችሁ ነበር አልኩ። ካፊያ እየተረጎመች ነው። አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ቀጠለች።

ጃማ ወደ ባሬ ዞረ። ለምን አልተከራከርክም አለው።

«ተናገርኩ እኮ» አለ ባሬ። «ደወላችሁለት፣ የለም አለ። ብዙ ጉድጓድ አለው፣ ረስቶኝ ነው ብዬ ነው። ሥራው ግን እንዳለ ነው።»

«ሥራው እንዳለ ነው ማለት?»

የመለሰችው ሀሊሞ ናት። ከሴቶቹ በኩል ተነስታ ወደ ፊት መጣች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

ካፊያ ተረጎመችልኝ፦ «እሱን ስታነሱት እኔ አፈሰስኩ ትላለች። ጀሪካን ብይዝ ትይዙኛላችሁ። ከሦስቱ አንዱን አስቀርተን ውዱእ በምናደርግበት ማንቆርቆሪያ እየቀዳሁ በአጥሩ ቀዳዳ አፈሰስኩ፣ ጠዋት ሁለት ጊዜ፣ ማታ ሁለት ጊዜ። እኛ ለሶላት በውሃ ፈንታ በአፈር ታበስን። ባሬ ቃል ሰጥቷል፣ ለዚያ ነው ትላለች። አንድ ቀን ብቻ አላፈሰስኩም ትላለች።»

«የቱ ቀን?» አለ ጃማ።

ሀሊሞ ካፊያን በአገጯ አመለከተች። ካፊያ የራሷን ነገር መተርጎም አፈረች መሰለኝ፣ መሬት መሬት እያየች ነው የተናገረችው፦ «ማክሰኞ። ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ውሃውን ለእኔ ሰጠችኝ።»

ማክሰኞ ግመሏ የወደቀችበት ቀን ነው። እኔ «ነገ በእርግጠኝነት» ብዬ የጻፍኩበት ቀን ነው። ጃማ የትከሻውን ፎጣ ፊቱ ላይ ጣለ። በሰልፉ ላይ ሀሊሞን ወደ ኋላ የገፏት ሴቶች እዚያው ቆመዋል።

ፍርዱ አጭር ነበር። ግመሏ በእኔ ላይ ናት፤ በአገሩ ደንብ እከፍላለሁ፣ ተቀብያለሁ። ባሬ ወደ ጥበቃው ይመለስ። ሀሊሞ ከነገ ጀምሮ ፊት ትቁም። የርክክቡን ወረቀት አስመጥቼ ዘጠኝ የሚለውን ሰርዤ መቶ ስልሳ ብዬ ጻፍኩ፣ ከሥሩ የዛሬውን ሦስት፣ ከጎኑ ስሜን። ረዲ ይህን ሲያይ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ሥራዬን ላጣ እችላለሁ። እፈራለሁ፣ ግን የመጋቢት 14ቱ ዓይነት ፍርሃት አይደለም።

ስንበተን ሀሊሞ በጣሳ ውሃ አመጣችልኝ። እሷ ጾመኛ ናት። እምቢ ልል ነበር። ካፊያ «እንግዳ ነህ፣ ጠጣ ትልሃለች» አለችኝ። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ጨው ጨው ይላል፤ የጉድጓዱ ውሃ ድሮም እንዲህ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 1

ልሄድ ነው። ጠዋት ከጄኔሬተሩ ቤት ጀርባ ድምፅ ሰምቼ ዞር ስል ባሬ ጀሪካን ይዞ ዘንጉ አጠገብ ቆሟል።

«ምነው ባሬ?»

«ሥራ ጀምሬያለሁ። ትናንት ብዙ ተናገርክ፣ አፍስስ ወይም ተው ግን አላልከኝም። ዛሬስ ላፍስስ?»

አጠገቡ ተቀምጬ ከመጀመሪያው ነገርኩት። ሽቦው አሁን ውሃው ድረስ እንደወረደ፣ ዘንጉ ቢደርቅም ማንንም እንደማይነክስ። መስከረም ላይ ልነግረው የሚገባኝን ነው። በጥሞና ሰማኝ፣ ሁለት ጊዜም ጠየቀኝ። ከዚያ ሳሩን አየው።

«እሱ ሊደርቅ ነው» አለኝ።

«ይደርቃል።»

«ይሄንንስ ምን ላድርገው?» ጀሪካኑን አሳየኝ።

«ጠጡት» አልኩት።

ክዳኑን አጥብቆ ዘጋና ተሸክሞት ወደ ቤቱ ሄደ።